የሠራ ሰው እንዳይቀጣ የደከሙት እኅታችን

ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን ከአውቶቡስ ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ በነበረችው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ ይህን የምጽፈው እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። በቤት ውስጥ «አንቺ» ነበር የምላቸው። ዛሬ ግን ወጉም ስለሆነ፣ ስለሚገባቸውም አንቱ ብያቸዋለሁ። ቢሰሙኝ በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

እኅታችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ አባታችን ጎማ ሲቀይሩ ክሪኩ ከዳቸውና ወገባቸው ተጎድቶ የአልጋ ቁራኛ ሆኑ። ቤተሰባችንም በድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ እርዳታ ተቀባይ ሆኖ ተመዘገበ። የዚያን ጊዜው ደንብ አጭር ነበር፦ ሥራ ያለው እርዳታ የለውም። እናታችን ጎረቤት የሚያመጣላቸውን ልብስ ይሰፉ ስለነበር፣ ተቆጣጣሪ መጣ በተባለ ቁጥር የስፌት መኪናውን አንሶላ አልብሰው፣ የአበባ ማስቀመጫ ጭነውበት፣ ጠረጴዛ አስመስለውት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ ነበር። በመጨረሻ ድንጋጤውን አልቻሉትምና መኪናውን ሸጡት። እኅታችን ይህን ባነሡ ቁጥር «እማዬ ሰነፍ ሳትሆን ሰነፍ መምሰል ሥራዋ ሆነ» ይሉ ነበር።

ቀን ሱቅ ውስጥ እየሸጡ፣ ማታ እየተማሩ በኢኮኖሚክስ ተመረቁ። ሥራ ያገኙት ሌላ ቦታ ሳይሆን በዚያው በድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ያውም ቤት ለቤት በር እያንኳኩ ማን እንደሚሠራና ማን እንደማይሠራ የሚያጣሩ ተቆጣጣሪ ሆነው። እናታችን ወሬውን ሲሰሙ «እንግዲህ አንኳኪው ከቤቴ ወጣ» አሉ። እኅታችን እዚያው መሥሪያ ቤት መብራት ሊጠግኑ ከመጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ተዋውቀው ትዳር መሠረቱ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። ባለቤታቸው «መብራቱን ጠግኜ ልወጣ ስል እኔው ተቃጠልኩ» እያሉ እስካሁን ይቀልዳሉ። ዛሬ ግን አልቀለዱም።

እኅታችን በሥራቸው ላይ ሳሉ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት እናት ቤት ገቡ። ገመድ ላይ የሆስፒታል ልብስ አጣቢዎች የሚለብሱት ሰማያዊ ሽርጥ ተሰጥቶ አዩ። ሴትዮዋ ጊዜያዊ ሥራ አግኝታ ኖሯል። እኅታችን ደንቡ እንደሚያዘው አመለከቱ፤ እርዳታውም ወዲያው ተቋረጠ። ብዙም ሳይቆይ ጊዜያዊ ሥራው አለቀ። ሴትዮዋ ተመልሳ ስትመጣ ከተራው መጨረሻ እንድትሰለፍ ተነገራት። ኮሪደሩ ላይ እኅታችንን አግኝታ እንዲህ አለቻቸው፦

«እትዬ፣ ቁጭ ብል ኖሮ ልጆቼ ይበሉ ነበር። ጥፋቴ መነሣቴ ነው?»

ያን ቀን እኅታችን እኔ ቤት መጡ። ቦርሳቸውን እንኳ ከትከሻቸው ሳያወርዱ የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ምን ሆንሽ ብላቸው «ዛሬ የእማዬን መኪና ያሸጥኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የኖሩት ኑሮ በአብዛኛው የስብሰባ ኑሮ ነው። ሐሳባቸው ለሰሚው ቀላል ነበር። ሥራ የጀመረ ሰው እርዳታው በአንድ ጊዜ አይቆረጥበት፤ ገቢው እየጨመረ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይቀነስለት። ሥራው ቢያልቅበት ከዜሮ አይጀምር። ልጅ ያላት ሴት ልጇን የምታውልበት ቦታ ይኑራት። «ቀስ በቀስ» ማለት ከማብዛታቸው የተነሣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «እትዬ ቀስ በቀስ» ብለው ስም አወጡላቸው። አንድ ኃላፊ በጉባኤ መካከል «እርዳታ የለመደ እጅ ሥራ ይጠላል» ቢሏቸው «ሰው ሥራ አይጠላም ጌታዬ፤ የሚጠላው የሠራ ዕለት መቀጣቱን ነው» ብለው መለሱ። ጉባኤው ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ሐሳቡንም ለሚቀጥለው ዓመት አስተላለፈ። የሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ።

ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ በአንድ ሰፈር እንዲሞከር ተፈቀደላቸው። የመጀመሪያው ዓመት አልሆነም፤ ይህንንም ሳልደብቅ የምጽፈው እሳቸውም ስላልደበቁት ነው። እርዳታ የሚወስድ ሁሉ ሥልጠና ይግባ የሚል ግዴታ አስገብተው ነበር። አትክልት ቸርቻሪዎቹ ጉሊታቸውን ትተው ክፍል ውስጥ ሲያንጎላጁ ደንበኞቻቸው ወደ ሌላ ሄዱ። ወንበር መሥራት የተማሩትም ወንበር የሚገዛቸው አጡ። እኅታችን የሰፈሩን ሰው ሰብስበው «ተሳስቻለሁ፤ ሥራ ያላችሁን ሥራ አስፈታኋችሁ» አሉ። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ «እንኳን አወቁት፤ አሁን ልሂድ፣ ገበያ ነው» ብላቸው ወጣች። ይህን ሲያወሩ ራሳቸው ይስቁ ነበር።

ግዴታው ቀረ። ሥልጠናው ለፈለገ ብቻ፣ ቀጣሪ በተገኘበት ሙያ ብቻ ሆነ። የሕፃናት ማቆያም ተከፈተ። ሁሉም ሰው ሥራ ያዘ አልልም፤ አልያዘም። የታመመ ነበር፣ የደከመው ነበር፣ ሞክሮ የወደቀም ነበር። ግን በዚያ ሰፈር ሽርጥ የሚደብቅ ሰው ጠፋ። ደንቡም ውሎ አድሮ ለሌሎች ሰፈሮች ተረፈ።

ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ አዲስ ኃላፊ መጣና በጀት የለም ብሎ የሕፃናት ማቆያውን ዘጋ። እኅታችን ደጅ ጠኑ፣ ተመላለሱ፣ አልሆነም። ልጃቸው «እማ፣ በቃሽ፣ እረፊ» ስትላቸው «ልረፍ ብዬ ስቀመጥ እናቶቹ ይታዩኛል» ይሏት ነበር። ቤተሰቡም እሳቸውን ለሌላው ማካፈል ሰልችቶት ነበር፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ። የወንድ ልጃቸው ምረቃ ላይ እንኳ ዘግይተው ነው የደረሱት፤ ልጁም ለብዙ ጊዜ አኩርፏቸው ነበር። ማቆያው እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው።

ያደረባቸው የልብ ድካም ከጡረታቸው በኋላ እየባሰ ሄደ። ደረጃ መውጣት፣ ከዚያ መራመድ፣ ከዚያም መናገር አቃታቸው። ያኮረፈው ልጃቸው መጨረሻ ላይ አዝሎ ያስገባቸውና ያስወጣቸው ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ወንድምና እኅቶቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ብዙዎቻችሁ ቀብሩ ለምን ወደ ማታ ተደረገ ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ከመሞታቸው በፊት ለባለቤታቸው በተቆራረጠ ድምፅ የተናገሩት ይህንኑ ነው፦ «ከሥራ ሰዓት በኋላ ቅበሩኝ። የቀን ሠራተኞቹ ለእኔ ብለው የዕለት ሥራቸው እንዳይቀርባቸው።» ዛሬ አቧራችሁን እንኳ ሳታራግፉ፣ ከነሽርጣችሁ ከሥራ ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ እጅ ይነሣል።

አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን ማንም በማያንኳኳበት ቤት ያሳርፍልን።