ድንቢጥ ስትወድቅ «እኔን!» ያላት ማን ነው?

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? አናጢው ባልሽ፣ መንትዮቹ፣ እናታችን ከነዓይን ሕመሟ እንዴት ናችሁ? እኔ ደኅና ነኝ። ቀኑን ሙሉ በሰው ልጆች የተማሪ ዩኒፎርም ላይ ኪስ ስሰፋ እውላለሁ።

ስለ ልጄ፣ ስለ ድንቢጤ የጻፍሽው ደረሰኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አላለኝም። ለእረፍት ወደ አንቺ የላክኳት ትንሽ ፀሐይ ያግኛት ብዬ እንጂ እኔን እንድትረሳ አልነበረም።

«መጀመሪያ ሰሞን ግቢው ውስጥ በእግሯ ጣት ነበር የምትሄደው» ብለሽ ስቀሽብኛል። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ልጅ ከሮጠ፣ ከእኛ በታች የሚኖረው ጡረተኛ ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል። አሁን ዛፍ ትወጣለች፣ መንትዮቹን በሩጫ ትቀድማለች፣ ጭቃ ጋግራ ትሸጣለች አልሽኝ። በልመና የማጎርሳት ልጅ «ድገሚኝ» ትላለች። ያለ ተረት የማትተኛዋ ከነጫማዋ እንቅልፍ ይጥላታል። ሐኪሟም «ምንም የላትም፣ ውጭ ትጫወት» ብላኝ ነበር። የት ብዬ ብጠይቃት ቀጣዩን ታካሚ ጠራች።

ስደውልላት ደግሞ «እማ፣ ተራዬ ደረሰ» ብላ ስልኩን ጥላ ሮጠች። ከዥዋዥዌ አነስኩ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ጉልበቷ ነው። «ወድቃ ተላጠች፣ ወዲያው ተነሥታ ሮጠች» ብለሽ አለፍሽው። ማን «እኔን!» አላት? አንቺ ከሆንሽ ንገሪኝ። ማንም ካልሆነ አትንገሪኝ።

ከሕንፃው ጀርባ የተሰበረ ወንበርና የዛገ በርሜል የሚጣልበት ባዶ ቦታ አለ። ትናንት ጥበቃውን ልጄ እንድትጫወትበት ቁልፉን ስጠኝ አልኩት። ጫጫታውን ማን ሊችለው ነው ቢለኝ፣ እኔ አልኩት። ዛሬ ጠዋት በርሜሉን ሳንከባልል ጡረተኛው በመስኮት አየኝ። ሊጮኽብኝ ነው ስል መጥረጊያውን ይዞ ወረደ። «አናቴ ላይ ከምትሮጥ እዚህ ትሩጥ» ብሎ መጥረግ ጀመረ።

ያንቺን ግቢ አያህልም፣ ዛፍም የለውም። ግን ስትወድቅ የምሰማበት ቦታ ነው። ቅዳሜ ልወስዳት እመጣለሁ። የቁስሏን ቅርፊት እንዳትነኪው፣ ሳይወድቅ ልየው።

አናጢውን ሰላም በይልኝ፤ ለዥዋዥዌ የሚሆን አንድ ሳንቃ ያዘጋጅልኝ። የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። መንትዮቹን በሴት ልጅ መሸነፍ አያሳፍርም በያቸው። ድንቢጤን ግን አትሳሚልኝ። እሷን ራሴ መጥቼ እስማታለሁ።

ታናሽሽ

ከአራተኛው ፎቅ፣ በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ የተላከ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው