ለአህመድ የተጠረገው ማማ

መጋቢት 8፣ 2012፣ ጠዋት
ወ/ሮ ደብተር፣ ዛሬም ጎፈሬዬን አበጥሬ፣ ቅቤ ተቀብቼ፣ ዱላዬን ይዤ ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ወደ መቀሌ የሚያልፍ የቱሪስት መኪና የለም። ኮሮና በላቸው። የምጨፍርለት ፈረንጅ ጠፋ። ባለቤቱ ጋሽ ተክሉ ለዝንብ ጨፍር አሉኝ። ጨፈርኩ። ዝንቧም ፎቶ ሳታነሳኝ ሄደች።

መጋቢት 10
ገበያ መሃል አስልቼ ተዘረርኩ። ቲማቲም ሻጮቹ ተበተኑ። ብድግ ብዬ ሳቅሁ። አንዷ በቲማቲም አናቴን አለችኝ።
ቤት ስገባ የእናቴ አስም ተነስቷል። ትንፋሿ ያፏጫል። ትራስ ደርቤ አስደገፍኳት።

መጋቢት 13፣ ከ/ሰዓት
ወንድሜ አህመድ ከላሊበላ ደወለ። ፈረንጅ የሚያዞር ሹፌር ነው። ፈረንጆቹ ጉዟቸውን አቋርጠው በረሩ፤ ድርጅቱም መኪናውን ተቀብሎ አሰናበተው። ወደ ቤት ሊመጣ ነው። ልቀልድበት ስል ስልኩ ውስጥ ሳል ሰማሁ። የእውነት ሳል። አንዱ ፈረንጅ ያስል ነበር አለ። ትኩሳትም አለኝ አለ። ለእማ እንዳትነግር አለ።
እማ እንዳታይ ጓሮ ቆሜ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ ካላማረሽ ቻይው።

መጋቢት 14
እማ አህመድ ይመጣል ብላ ሰፈሩን ጠርታለች። መንገደኛ ሲገባ እኛ ጋ በሩቁ ሰላምታ የለም፤ እጅ ለእጅ እየተሳሳሙ ነው፣ ሽማግሌ ሳይቀር። እሷማ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ነው የምትውለው።
ነገርኳት። አህመድ አሞታል፣ እንዳትነኪው አልኳት።
«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ቀጣፊ! ገበያ ላይም ሞተህ ነበር!»
ጎረቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነት ተናግሬ ሲሳቅብኝ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እስክንደርስ ከሰው ይራቅ አሉ። መቼ እንደሚደርሱ አላህ ያውቃል።

መጋቢት 15፣ ጠዋት
አህመድ ከወልድያ ተነስቷል። አፉን በሻርፕ ሸፍኖ መስኮት ጋ ተቀምጧል። ከጎብዬ አልፈህ ማሳችን ጋ ውረድ አልኩት።
እማን ነገ ነው የሚመጣ አልኳት። ውሸቴን ወዲያው አመነች!
ማሽላው ከታጨደ ወዲህ የወፍ መጠበቂያው ማማ ባዶ ነው። የጤና ጣቢያዎቹ እስኪደርሱ አህመድ እዚያ ይቆይ ብዬ ጠርጌዋለሁ። ውሃ፣ ቆሎ፣ ጋቢ ሰቅዬለታለሁ። እኔ ራቅ ብዬ ወንጭፌን ይዤ እጠብቃለሁ። ዘንድሮ የማባርረው ወፍ ሳይሆን ዘመድ ነው።
ግን ታላቄ ነው። እጁን ከዘረጋልኝስ? ሳልስመው ቀርቼ አላውቅም። ወደኋላ እሸሻለሁ። ከተከተለኝ ድንጋይ እወረውራለሁ፣ እግሩ ስር። ያ አላህ፣ አይዘርጋልኝ።
ሚኒባስ ቆመ። ሻርፕ ያደረገ ሰው ወረደ። እሱ ነው። እጁን ዘረጋልኝ። ወ/ሮ ደብተር፣ ወደኋላ መሸሼ ነው።