ግንቡ የሚታጠፍበት ቦታ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፣

ለመሆኑ ደህና ነዎት ወይ? ሳሉስ እንዴት አደረገዎት? የድንጋዩ ብናኝ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ቤት ሠርቷል እያሉ ሲቀልዱ ትዝ ይለኛል፤ እኔ ግን እዚህ ሆኜ ሰው ባሳለ ቁጥር ዞር እላለሁ። እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ታናሼስ ትምህርቷን እንደያዘች ናት? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ነገር ግን እርስዎ ፊቴን ሳያዩ ከአነጋገሬ የሚያውቁኝ ሰው ነዎትና አልዋሽዎትም። ደህና አይደለሁም፤ ፈርቻለሁ።

ያልደወልኩልዎ የእርስዎ ስልክ ድምፅ እንጂ ሥዕል ስለማያሳይ ነው፤ ነገሩ ደግሞ ሥዕል አለበት። ይህንን የሚያደርስልዎ የጭነት መኪና ሹፌር ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ነገ ጠዋት እርስዎ ዘንድ ነው። አሁን ያለሁት ከግቢው በር ፊት ለፊት ባለው የመጽሐፍ ጠራዥ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ጠራዡ በሩን ከውጭ ቆልፎብኝ ማንም ቢጠይቀው ሙጫ እየደረቀ ነው እንደሚል ነግሮኛል።

ከሥሩ ልጀምርልዎ። ለመመረቂያ ጽሑፌ በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ያለውን የሰፈር ታሪክ እንደመረጥኩ ያውቃሉ። ሰባት ወር ከሽማግሌ ሽማግሌ ዞርኩ። ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ የቆመውን የሰዓት ማማ፣ የተማሪ እግር መሐሉን እንደ ማንኪያ ያጎደጎደውን የቤተ መጻሕፍት ደረጃ፣ ከኮፒ ቤቶቹ ኋላ ያለውን የድንጋይ መፍለጫ ገደል ሁሉ ጻፍኩ። ግቢው የተሠራበት ድንጋይ የወጣው ከዚያ ገደል ነው። ድንጋይ ፈላጮቹና ግንበኞቹ በውሃ ጉድጓዳቸው ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። ሥራው ሊያልቅ ሲል ቦታው ለእነሱ ተተወላቸውና የግቢው ግንብ ጉድጓዱንና ጎጆዎቹን ወደ ውጭ ትቶ እንደ ክርን ታጠፈ። ሰፈሩን ዛሬም "ክርን" ይሉታል። እኔ የተከራየሁበት የልብስ ሰፊዋ ቤት እዚያው እጥፋቱ ውስጥ ነው፤ ከእሷ ጋር አሥራ አራት አባወራ ይኖራል።

ጥፋቴ ይኸውልዎ። ጡረታ የወጣ የግቢ ጥበቃ ግንቡ የተጣመመው የሰፈሩ ሰው አንድ ክረምት አፍርሶ፣ ወደ ውስጥ ገፍቶ ስለገነባው ነው ብሎ እየሳቀ አጫወተኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ የእኔም ብዕር አመለጠ። ወሬው ጣፈጠኝና ሳላጣራ በመጀመሪያው ረቂቄ አስገባሁት። የግንበኛ ልጅ ሆኜ፣ ሃምሳ እርምጃ ሄጄ ድንጋዩን ሳላይ።

በኋላ ሄጄ ሳየው አፈርኩ። ማዕዘኑ ቀድሞ ይቆማል፣ መሐሉ በኋላ ይሞላል ይሉኝ አልነበር? እጥፋቱ ላይ አንዱ ድንጋይ ረጅም ጎኑን ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ እየሰጠ እንደ ጥርስ ተነካክሰው እስከ መሠረቱ ይወርዳሉ። የተለጠፈ የሚመስል ቀጥ ያለ መጋጠሚያ የለም። በሚስማር ስፍቀው ኖራው የእጥፋቱም የቀጥታውም አንድ ዓይነት ዱቄት ነው። ስለዚህ ወሬውን ሰርዤ የድንጋዩን ነገር በሁለተኛ ደብተር ጻፍኩና ሁሉንም ለአማካሪ መምህሬ ሰጠሁ።

መምህሩ ደብተሮቹን መለሰልኝ፣ ጽሑፉን ግን በራሱ ስም አሳተመው። የእኔ ስም በምስጋናው ገጽ እንኳ የለም። ይህ ብቻ ቢሆን ጥርሴን ነክሼ አልፈው ነበር ልልዎ አልኩና ተውኩት፤ አላልፈውም ነበር። ግን እንዲህ አልፈራም ነበር። የባሰው የሰረዝኩትን ወሬ መልሶ አስገብቶ ድንጋዩን ማውጣቱ ነው። ግቢው ሊስፋፋ ነው፤ ያ መጽሐፍ አሁን መሬቱ የግቢው እንደነበር ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል። ግንቡን የሠሩት ሰዎች ልጆች ግንብ አፍራሽ ተብለው በየበራቸው ቀይ ቀለም ተቀባ። የማስፋፊያውን ነገር የሚወስነው የግቢው ኮሚቴ ሐሙስ ጠዋት ይሰበሰባል፤ ይፍረስ ካለ ቤቶቹ በሳምንቱ አይኖሩም።

ልብስ ሰፊዋ መጽሐፉን ከጠራዡ ተውሳ ያቺን ገጽ ገልጣ አሳየችኝ። "ይቺ ያንቺ አነጋገር አይደለችም እንዴ?" አለችኝ። ናት አልኳት። መጽሐፉን ከድና የስፌት መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ወንበር ስቦልኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልጄ፣ ዲግሪሽን ይዘሽ በሰላም ብትሄጂ አይሻልሽም? የግንቡን ነገር ለግንበኛ ተዪው" አለኝ።

"የግንበኛ ልጅ ነኝ" አልኩት።

ፈገግ አለና ጽሑፌን የሚያሳልፈው የእሱ ፊርማ መሆኑን አስታወሰኝ። አፌ እንዲህ ይደፍራል እንጂ ስወጣ ደረጃውን ግድግዳ ይዤ ነው የወረድኩት።

በማግስቱ ከክፍል ስመለስ አልጋዬ ተነጥፎ ጠበቀኝ። እኔ አልጋ እንደዚያ አሳምሬ እንደማላነጥፍ እማዬ ምስክር ናት። ሰዓቴም ጫማዬም አልተነኩም፤ ሁለተኛው ደብተር ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ሰው ከኋላዬ ሲራመድ ጆሮዬ ይቆማል። ከኮፒ ቤቱ ደጃፍ ሦስት ቀን ሙሉ ቆሞ የሚውል፣ አንዲት ወረቀት ኮፒ የማያስደርግ ሰውዬ አለ። ሰው እየጠበቀ ይሆናል እላለሁ። ከዚያ የሚጠብቀው ሰው እኔ ብሆንስ እላለሁ። በር ሲንኳኳ ማን ነው ሳልል አልከፍትም።

ትናንት ግን ከልብስ ሰፊዋ ጋር በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ በልብስ መለኪያ ሜትሯ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለካናቸው። እሷ ቁጥሩን ታነባለች፣ እኔ ድንጋዮቹን እየሣልኩ እጽፋለሁ። አንድ ተማሪ ለግንቡ ሱሪ ልትሰፉለት ነው ወይ ብሎ ሲያሾፍባት "ምን ላድርግ፣ አስተማሪዎችህ ራቁቱን አስቀሩት" አለችው። ያቺን ገጽ ካየች ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያኔ ነው። ሥዕሉ አንዱ እኔ ጋ አለ፣ አንዱን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። የእኔን ቢወስዱት እንኳ የእርስዎን አያገኙትም።

አባባ፣ ሥዕሉን ብርሃን ላይ ዘርግተው ይዩልኝ። ቆሞ የነበረ ግንብ ፈርሶ በኋላ ቢታጠፍ እንዲህ እስከ መሠረቱ ሊነካከስ ይችላል? ነገ ከሰዓት በጠራዡ ስልክ እጠብቅዎታለሁ፤ ቁጥሩ ከሥዕሉ ጀርባ ነው። አይችልም ካሉኝ ሐሙስ ኮሚቴውን ከወንበሩ አስነስቼ ወደ እጥፋቱ እወስደዋለሁ። ይችላል ካሉኝም አልቀርም፤ ያ ወሬ የእኔ መሆኑን፣ ሳላጣራ እንደጻፍኩት እዚያው ቆሜ እናገራለሁ። ዲግሪው ከቀረ ይቅር። ብቻ ተመለሺ አይበሉኝ፣ አጎቴንም እንዳይልኩብኝ። ከመምህሩም ከሰውዬውም በላይ የፈራሁት ይህን ነው፤ እርስዎ ካሉኝ እንደምመጣ አውቀዋለሁና።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ከፈራሁት ግን ግማሹን ብቻ ይንገሯት። ታናሼን ደብተሯን ለማንም እንዳትሰጥ ይምከሩልኝ። አጎቴን በጣም ናፍቀኸኛል፣ ግን እዚያው ቆይልኝ ብላለች ይበሉልኝ። ከእርስዎ ጋር ድንጋይ ለሚጠርበው ጎረቤታችን ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ሥዕሉን እሱም ይየው፣ ሁለት ዓይን ካንድ ይሻላል።

መስመሮቹ አንዳንድ ቦታ የተጣመሙት ግንቡ ተጣሞ አይደለም። የእጄ መንቀጥቀጥ ነው። ቁጥሮቹን ይመኑ።

ልጅዎ

ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ ከጠራዡ ጓዳ
ማክሰኞ ኅዳር 11 ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት