አድማጭ ፈጥረው የቀበሩት የአቶ ቫንጀል ዲሾ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቫንጀል ዲሾ ከአባታቸው ከጫማ ሰፊው ከአቶ ሶቲር ዲሾና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፖሊክሴኒ እ.ኤ.አ. በ1931 በአልባኒያ፣ በኮርቻ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው ሞስኮ ተልከው እንግሊዝኛ አጠኑ። በ1956 ቲራና በመንግሥት የውጭ ሬዲዮ ስርጭት ጣቢያ የእንግሊዝኛ ዜና አንባቢ ሆነው ተቀጠሩ፤ በ1959 ከወ/ሮ ኤርሚኒ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ሊሪን አፈሩ።

ድምፃቸው ለስላሳ ስለነበር የማዕድን ምርት ዘገባ እንኳ ሲያነቡት እሹሩሩ ይመስል ነበር። ያ ድምፅ በአጭር ሞገድ ተንሳፍፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ደመና ተደግፎ የት እንደሚወርድ ግን አያውቁም፤ የሚጽፍላቸው አልነበረም።

በ1974 እያንዳንዱ የቋንቋ ክፍል በወር አሥር የአድማጭ ደብዳቤ እንዲያገኝ በዕቅድ ተደነገገ። አቶ ቫንጀልም ዕቅዱን ለማሟላት ኡላቭ የሚባል፣ በሰሜን ባሕር ደሴት ላይ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ የሚጠብቅ አድማጭ ከሐሳባቸው ፈጠሩ። ኡላቭ ስለ ጉም፣ መስኮቱ ላይ ስለሚያንቀላፉ ነጫጭ ወፎች ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይ ፓርቲውን ያመሰግናል።

አንድ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ስኬንደር፣ «ጓድ ቫንጀል፣ እንኳን ደስ ያለህ! ኡላቭ ለኅዳሩ የነጻነት በዓል ተጋብዟል፤ ሰልፉ ላይ ከፊት ነው የሚቆመው» አሏቸው።

ወ/ሮ ኤርሚኒ ይህን ሲሰሙ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አስረው ማዕድን ሊያስቆፍሩህ ነው እኮ! በል ሳይመጣ ግደለው» አሉ።

በማግስቱ አቶ ቫንጀል ኡላቭ ባሕር ውስጥ መስጠሙን ለዓለም አረዱ። ድምፃቸው ተሰበረ፤ እውነተኛ ሐዘን ነበር። ጓድ ስኬንደርም የአንድ ደቂቃ ጸጥታ አዘዙ። ጣቢያው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሕንድ፣ ከብራዚል፣ ከፊንላንድ አርባ አንድ የማጽናኛ ደብዳቤ ደረሰ። አቶ ቫንጀል ለሁሉም በእጃቸው መለሱ፤ ያ መጻጻፍ ዓመታት ቆየ። በ1992፣ ሥርዓቱ ወድቆ መናገር ሲፈቀድ፣ አድማጮቻቸውን እንዳያጡ እየፈሩ እውነቱን ጻፉላቸው። አንዲት ፊንላንዳዊት መምህር፣ «ገምቼ ነበር። ያም ሆኖ አልቅሻለሁ። አሁንም ጻፍልኝ» ብለው መለሱ። የቀሩትም አልተለዩአቸውም።

አቶ ቫንጀል በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2008 በ77 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ፊታቸውን አይተው የማያውቁ አሥራ ሰባት ወዳጆቻቸው ሐዘንተኞች ናቸው።

ዕድሜ ልካቸውን ለሩቅ ሰው የተናገሩትን፣ አምላክ ቀረብ ብሎ ይስማቸው። ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን።