በአገሬ ላይ የመጡት ሁለት ወረቀቶች

ይድረስ ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ወልደ ኪዳን፤ አዲስ አበባ

እንደ አባት የማይዎ ወንድሜ፣ ከተለያየን ወዲህ እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱ ያባባሰብዎ ሳል ተሻለዎ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደኅና ነኝ፤ ልቤ ግን ደኅና አይደለም። የምጽፍልዎ ስለ እህታችን ስለ አገሬ ነውና ተቀምጠው ያንብቡልኝ።

እኔ በጤና ረዳትነት ወደምሠራበት የቢቸና ጤና ጣቢያ በሚያዝያ ሐኪሞች መጥተው ነበር። እናታችንን የገደላትን የማኅፀን ነቀርሳ ገና ሳያም የሚያስታውቅ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ሊፈትኑ ነው። አንደኛው ሐኪሙ የማኅፀኑን አፍ ጠረግ የሚያደርግበት ትንሽ የእንጨት ማንኪያ ነው። ሁለተኛው፣ ሴቶቻችን ያፍራሉ ተብሎ፣ ሴቲቱ ራሷ ተሸሽጋ የማኅፀኗን ፈሳሽ የምትወስድበት ቀጭን ቱቦ ነው። በሁለቱም የተወሰደው በመስተዋት ላይ ተቀብቶ ለምርመራ አዲስ አበባ ይላካል፤ ቱቦው እንደ ማንኪያው እውነቱን ይናገር እንደሆነ ያነጻጽሩታል። አገሬን ከሞጣ ያስመጣኋት እኔ ነኝ። ምንም አያማትም ነበር።

በነሐሴ የቱቦው ወረቀት መጣ፤ ደኅና ናት ይላል። እኔ ችኩሏ የማንኪያውን ሳልጠብቅ የምሥራች ላክሁ። ባሏ መሪጌታ ሣህለ ማርያምም በደስታ ጎረቤት ጠርተው አበሉ። በጥቅምት የማንኪያው ሲመጣ ግን ነቀርሳው ጀምሯታል ይላል። ሐኪሙ አብረው በላኩልኝ ደብዳቤ፣ ቱቦው ገና በፈተና ላይ ነው፣ የሳተውም እሷን ብቻ አይደለም፣ አሁን አዲስ አበባ መጥታ በቀዶ ሕክምና ከታከመች ትድናለች፣ እስኪያማት ከተጠበቀ ግን እጃችን አይደርስባትም ብለዋል።

ሞጣ ሄጄ መሪጌታን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኋቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይወዷታል። ግን፣ «ሁለት ምስክር ተጣልቶ በማን ቃል ይፈረዳል? ደኅና ናት ብለሽ የላክሽብኝ አንቺ፣ ዛሬ በቢላ ትቆረጥ የምትዪኝም አንቺ» አሉኝ። ጋሼ፣ እናታችን እንዴት እንደ ሞተች እርስዎ አላዩም፤ ያን ሽታ ችለን ጨርቋን በየቀኑ ወንዝ እየወረድን ያጠብነው እኔና አገሬ ነን። አሁን ሌሊትም ቀንም ያ ሽታ ካፍንጫዬ አልጠፋ አለኝ።

ትናንት አገሬ ሳልጠራት ደረሰች። ጠበል እሄዳለሁ ብላ ነው ከቤት የወጣችው። ልጆቿን እንዴት አድርጋ እንደ ተለየቻቸው ብጠይቃት፣ «ሳልሰናበታቸው ወጣሁ፤ ብሰናበታቸው እግሬ አይነሣም ነበር» አለችኝ።

ሐሙስ በአውቶቡስ ተነሥተን ደጀን እናድርና ዓርብ እንገባለን። ይህን ደብዳቤ የጭነት መኪና ነጂው ፈረደ ነገ ይዞልዎ ይነሣል። ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ጣቢያው ድረስ ወጥተው ይጠብቁን። ለመሪጌታም የታላቅ ቃል ይጻፉላቸው፤ የእኔ ቃል እሳቸው ዘንድ ረክሷል። ታርቀን ከምንቀብራት ተጣልተን ትዳንልን።

ለእትዬ ፈንታነሽ ጉልበታቸውን፣ ለልጆቹ ለየሻውና ለትንሿ ሸዋነሽ ጉንጫቸውን ስሜ ሰላምታዬን አቅርቤያለሁ። አገሬም ከአጠገቤ ተቀምጣ ሰላም በዪልኝ ብላለች፤ ምን ሆና መጣች የሚል ጎረቤት ቢኖር፣ ወንድሟን ልትጠይቅ ነው በሉልኝ ትላለች።

እህትዎ ይርጋነሽ
ቢቸና፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.