ሰዓት ሠሪውን እንጠብቅ

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ነው የጀመርኩት፤ ካላማረ ይቅር በይኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ ሳል ለቀቀሽ? አሠሪሽስ ሰው ሆነችልሽ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፣ ወገቧ ብቻ እንደ ድሮው ነው። የአባዬን ደህንነት እዚህ ላይ ልጽፍ ብዬ እስክሪብቶው ቆመብኝ፤ ዝቅ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ስልክ እያለ በወረቀት መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ መልእክት ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ አጠፋሁት። በድምፅ እንዳልነግርሽ ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ባለሱቁ ምን ልስጥሽ ሲለኝ እንኳን በጣቴ የማሳይ ነኝ። ወረቀት ላይ የወጣ ግን ወጣ ነው። ስጨርስ ፎቶ አንስቼ ለብቻሽ እልክልሻለሁ።

እህት ዓለም፣ ከመስከረም ወዲህ በስልክ ላይ ባለው የጥያቄና መልስ ቡድናችሁ ውስጥ ሰዓት ሠሪው ተብሎ የሚጽፍልሽ አባዬ አይደለም። እኔ ነኝ። አይ፣ እኔም ብቻ አይደለሁም። ዓይኑ የሱ ነው፣ ጣቱ የኔ ነው። አትቆጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

አባዬ ከዚህ ደጃፍ ከወጣሽ ልጅ የለኝም ብሎሽ ከወጣሽ በኋላ፣ ሁለታችሁ የምትገናኙት እዚያ ቡድን ውስጥ ብቻ እንደነበር እኔም እማዬም እናውቃለን። ጠያቂው በዓመት አንድ ጊዜ እነዚያን ጭንቅላት የሚያዞሩ ጥያቄዎቹን በተርታ ሲለቅ፣ ግማሹ እውቀት ግማሹ የቃላት ጨዋታ፣ አባዬ እንደ ሕፃን ይሆን ነበር። አንቺ ጭልፊት ነሽ፣ እሱ ሰዓት ሠሪው ነው። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ። መልስህ ልክ አይደለም ትይዋለሽ፣ ምክንያትሽን አስረጂ ይልሻል። ምሳ ይዤለት ሱቁ ስሄድ አጉሊ መነፅሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስልኩን እያየ ይስቃል። ይህቺ ሴት ምላሷ ምላጭ ነው፣ የማን ልጅ ትሆን፣ ይለኛል። የማን እንደሆንሽ እያወቀ። እኔም አላውቅም እለው ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሱቁ ውስጥ ስትሮክ መታው። መስታወቱ ፊት ሁለት ደንበኞች ነበሩ። አንገቱን ደፍቶ ሲቀር ሰዓቱን ጠጋ ብሎ የሚያይ መስሏቸው ቆመው ጠበቁት። አንዷ፣ ጋሼ ቀስ ብለው ይሥሩት፣ አንቸኩልም አለችው። ወረንጦው ከእጁ ሲወድቅ ነው የጮሁት። ከዚያ ወዲህ ቀኙ አይታዘዝለትም፣ አፉ አይናገርም፣ ዓይኑ ብቻ ቀረ። እኔም ስምንተኛ ክፍል ሳልመዘገብ ቀረሁ፣ እሱን የሚያገላብጠው ሰው ስለሚያስፈልግ።

እማዬ እንዳይነገርሽ አለች። እዚያ ሆና ብትሰማ ምን ታደርጋለች፣ ታለቅሳለች፣ ልቅሶ ደግሞ እዚህም አልጠፋ አለች። ቀጥላም፣ አባትሽ ራሱ እንዳትነግሯት ብሎኛል አለችኝ። በየትኛው አፉ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ቡድኑ ግን ይጠራው ነበር። ከቡድናችሁ ፋርማሲስቱ፣ ሰዓት ሠሪው ቆመ እንዴ፣ ባትሪ እንቀይርለት ብሎ ቀለደ። አውቶቡስ ነጂው ሳቀ። ከዚያ አንቺ ጻፍሽ፤ ደክሞት ይሆናል፣ እንጠብቀው አልሽ። ይህንን ለአባዬ ሳነብለት ከንፈሩ በአንድ ጎን ተንቀሳቀሰ። ያን ቀን ነው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የፊደል ገበታ አምጥቼ ከአልጋው ፊት የለጠፍኩት። ጣቴን በመጀመሪያው ረድፍ ከላይ ወደ ታች አወርዳለሁ፣ የሚፈልገው ቤት ላይ ስደርስ ዓይኑን ይከድናል። ከዚያ ወደ ጎን እሄዳለሁ፣ እንደገና ይከድናል። አንድ ፊደል ወጣ ማለት ነው። አንድ ቃል ሊያደክመን ይችላል። እናንተ ሰውዬው ዘንድሮ ምጥን አለ፣ ቁም ነገር ብቻ ይናገራል ስትሉ፣ ቀኑን ሙሉ እጄን አንስቼ ክንዴ ዝሎ ነው።

አሁን ስለዚያች ጥያቄ ልንገርሽ። ታስታውሻለሽ፣ ሁላችሁንም ያንከራተተችውን። ሦስት ፊደል ነኝ፤ ራሴን ቢቆርጡኝ ግዕዝ የሚያውቅ ይጠጣኛል፤ ሳልቆረጥ ግን ሁሉም ቀና ብሎ ያየኛል፣ ማንም አይደርስብኝም። ጠጅ ነው፣ ጠላ ነው እየተባባላችሁ ስትፎካከሩ፣ ለአባዬ ደጋግሜ አነበብኩለት። ቆይቶ ገበታውን አየ፣ ተነሳሁ። መጀመሪያ ው ወጣ። ቀጥሎ ከላይ ስጀምር ሀን አለፈ፣ ሐንም አለፈ፣ ኀ እስክደርስ ጠበቀና ከደነ። ፊደል እንዲህ ጠንቅቆ የሚመርጥ ሰው መልስ እየሰጠ ነው አልኩ። ውኃ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

ቡድኑ ተንጫጫ። ነጂው ውኃ ሦስት ፊደል ከሆነ ሰውዬው መቁጠር ረስቷል አለ። ፋርማሲስቱ ደግሞ፣ ቆይ፣ ሰዓት ሠሪው በከንቱ አይናገርም፣ ፍንጭ ነው አለ። አንቺ ነሽ ያገኘሽው። ውኃ በግዕዝ ማይ ነው፣ ራስ ጨምሩበት፣ ሰማይ ነው አልሽ። መልስ የሚላከው ሁላችሁም ስትስማሙ ነውና፣ ሁሉም ተስማምቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ እያለ ጻፈ። ከሥሩ አንቺ፣ በሁሉም ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንተ እኮ አትቻልም አባዬ ብለሽ ጻፍሽ።

እየሮጥኩ ልነግረው ስዞር ከንፈሩን አየሁት። ተሰነጣጥቋል። ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቋል። ከጠዋት ጀምሮ ጥያቄ ሳነብለት ውዬ አንድ ማንኪያ አልሰጠሁትም ነበር። ጠምቶት ነው፣ እህቴ። ጠምቶት እንኳ ትክክለኛዋን ኃ ጠብቆ ነው የጠየቀኝ። በማንኪያ ሳጠጣው እንዳይታነቅ እየፈራሁ፣ እሱ ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም። ያልተቆጣኝ መሰለኝ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ከዚያ ያንቺን ጽሑፍ አነበብኩለት። አባዬ ብላሃለች አልኩት። ዓይኑ ሞላ። ገበታው ጋ ሄጄ ጣቴን ማውረድ ስጀምር፣ እንባው እየወረደ ዓይኑ ይርገበገባል፤ የቱ መክደን እንደሆነ፣ የቱ እንባ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አንቺ እዚያ ትጠብቂያለሽ። ልጄ ብዬ ጻፍኩልሽ። እኔ ጻፍኩት ብልሽ ሙሉ እውነት አይሆንም፣ እሱ ነው ብልሽም አይሆንም። ልብሽ የሚለውን ውሰጂ።

ከዚያ ወዲህ ከጥያቄ በፊት ጠምቶሃል ወይ፣ ያምሃል ወይ፣ ላገላብጥህ ወይ እለዋለሁ። ማክሰኞ ዕለት የመጨረሻዋን ጥያቄ ሳነብለት ገና ሳልጨርስ ገበታውን አየ። ት ወጣ። ም ወጣ። ጣ ወጣ። መልሱ ነው ወይ አልኩት፣ ዓይኑን እንደገለጠ ቆየ። እሷን ነው ወይ አልኩት። ከደነ። ቶሎ አልገለጠም።

ለእማዬ ነገርኳት። ከምትሠራበት ላውንደሪ መጥታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ፊደል ተምታቶበት ነው፣ አንቺም አታድክሚው አለችኝ። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብላ የሸሚዙን አንገት በእጇ እየደጋገመች አስተካከለችለት፣ የተስተካከለውን። እማዬ ክፉ ሆና አይደለም። አንቺ ከመጣሽ ነገሩ እውነት ይሆንባታል መሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ገበታው ፊት ቆሜ ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። አልከደነም። ደግሜ ወረድኩ። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ግን ጣቴን አይከተልም። ትናንት ዓርብ ከጤና ጣቢያ ነርስ መጥታ ደረቱን ሰማች፣ እግሩን ነካ ነካ አደረገች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቤተሰቡ ሁሉ እዚህ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። እማዬ ሁሉም አለ አለቻት። እኔ ቆሜ እሰማለሁ። አፌን ልከፍት ብዬ፣ እንደ ልማዴ፣ ዘጋሁት። ያንን ቃል ሳላርም መቅረቴ ነው ይህን የሚያስጽፈኝ።

እናንተ አሁንም የመጨረሻዋን መልስ ለመላክ የሱን ተስማምቻለሁ ትጠብቃላችሁ። ፋርማሲስቱ፣ ሰዓት ሠሪውን እንጠብቅ ይላል። ቆዩኝ፣ እያሰብኩ ነው ተብሎ በሱ ስም የተጻፈው የኔ ነው፣ እሱ አላለውም። ትናንት አንቺ፣ አይቸኩል፣ አባዬ ያውቀዋል፣ እኔ ስንት ጊዜም እጠብቃለሁ ብለሽ ጻፍሽ። አትጠብቂ፣ እህቴ። ጥያቄዋን ተዉአት፣ ሳትመለስ ትቅር።

አሠሪሽን ለምነሽ መምጣት ከቻልሽ ዛሬውኑ ተነሺ። ካልቻልሽ ግን ራስሽን አትብዪ፤ በዚያ ደጃፍ የተባለውን እሱ ራሱ በሦስት ፊደል ሽሮታል። ይህን እኔ አልጨመርኩበትም፣ ፊደሉን ቆሜ የቆጠርኩ እኔ ነኝ። ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርሽ፣ ልብሽን ያጽናው። ሳቅሽንም አይውሰድብሽ።

ነገ ጠዋት፣ እሑድም ቢሆን ሥራ ስላላት፣ እማዬ እንደወጣች በቪዲዮ እደውልልሻለሁ። ስልኩን ትራሱ ላይ፣ ፊቱ አጠገብ አስደግፈዋለሁ። እኔ ምንም አልልም፣ አንቺ ተናገሪ። ዓይኑን ባይከድንልሽ አትደንግጪ፣ አልሰማኝም ብለሽም አታቋርጪ። ማን እንደሆንሽ ብቻ ደጋግመሽ ንገሪው። ማታ እማዬ ስትመለስ ደግሞ እህቴ አይታዋለች ብዬ፣ በአፌ፣ ቆሜ እነግራታለሁ።

ታናሽ እህትሽ