ጋሽ ጥጡን ለገደሉልን ለአቶ ቀናው

አቃቂ በሰቃ፣ ጥር ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ በቴሌቪዥን የሕፃናት ክፍለ ጊዜ ሹም ለሆኑት፣ ለተከበሩት ለአቶ ቀናው ወልደገብርኤል፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንደምን ነው? ከጠረጴዛ በላይ እንጂ ከጠረጴዛ በታች ተቀምጦ ስለማያውቅ ደኅና እንደሚሆን አልጠራጠርም። እኔ፣ ብርድ ሲሆን ትከሻዬን ከመውጋቱ በቀር፣ ለእርስዎ የሚገባዎትን ሁሉ ከመመኘት የሚያግደኝ ሕመም የለብኝም።

ባለፈው ሳምንት ሾፌርዎ በፊያት መኪናዎ እስከ ደጃፌ መጥቶ መልእክትዎን አድርሶኛል። ጋሽ ጥጡ ከሞት እንዲነሡ ተፈቅዷል፤ ድምፅሽንና እጅሽን ይዘሽ ተመለሺ፤ ስምሽ ግን እንደ ቀድሞው አይጠራም፣ ብለውኛል። መልሴን በቃል ብልክልዎ በመንገድ ላይ እንዳይለዝብ ፈራሁ። ደግሞም ለሕዝብ የሚሠራ ታላቅ ሰው መልሱን ከሕዝብ ጋር አብሮ ቢያነበው ደስ ይለዋል ብዬ በግልጽ ጽፌልዎታለሁ።

ይህን የሚያነበው ሰው ሁሉ እንደ እርስዎ አያውቀኝምና ልናገር፤ ወርቅነሽ ሮሪሳ እባላለሁ። በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ብቅ ብለው ልጆችን የሚቆጡትን፣ የሚያስቁትንና ተረት የሚያወሩላቸውን ነጭ ጢም ያላቸው አሻንጉሊት ዘበኛ ጋሽ ጥጡን የሠራሁት፣ በእጄ ያጫወትኩትና በአፌ ያናገርኩት እኔ ነኝ። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ስላወጡኝ አመሰግንዎታለሁ። በሠራተኞች ክበብ ውስጥ ለባልደረቦቼ ልጆች ከውዳቂ ጥጥ የሠራኋቸውን ሽማግሌ ሳጫውት ያዩኝ ዕለት፣ «ይህ ሙያ ነው፤ እስከ ጡረታ ያደርስሻል» ያሉኝ ቃል ዛሬም በጆሮዬ አለ። የክፍል አለቃዬ «ወርቅነሽ፣ እዚህ የሚያደክምሽ ማሽን ነው፤ እዚያ ግን ሰው ነው፤ እረፊ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆኖብኝ ቦታዬን ለቀቅኩ። በእኔ ቦታ የገባችው ልጅ ዛሬ ፈረቃ ታዛለች፤ ሰላምታዬን አድርሺልኝ ብላለች።

ሁለተኛ፣ ከጠረጴዛ በታች የሚሠራ ሰው ስሙ እንዳይጠራ ስለደነገጉት ደንብ። ሕፃናት በአሻንጉሊቱ ውስጥ የሰው እጅ መኖሩን ቢያውቁ ልባቸው ይሰበራል ብለው አስረድተውኛል። የሕፃናትን ልብ እንዲህ የሚጠብቅ ሹም ከየት ይገኛል! የእርስዎ ስም በመጀመሪያም በመጨረሻም በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ሲወጣ ግን የአንድም ሕፃን ልብ ተሰበረ ሲባል አልሰማንም። እኔ ተንበርክኬ፣ ክንዴን እንደ ምሰሶ አቁሜ፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ስሠራ ከርሜ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩዎ፤ ለእንቁጣጣሽ አንዴ ስሜ ይጠራልኝ አልኩ። ኩራት ሽቼ አልነበረም። ሴት ልጅ ፋብሪካዋን ትታ ከተማ ስትወጣና ማታ በመኪና ስትመለስ ጎረቤት ምን እንደሚል እርስዎም የሰው ልጅ ነዎትና ያውቁታል። እናቴ ወይዘሮ ዲንቄ «ልጅሽ ከተማ ምን ትሠራለች?» ሲሏት «አሻንጉሊት ታጫውታለች» ብትል ሳቁባት፤ ከዚያ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነጠላዋን ተከናንባ ብቻዋን መመለስ ጀመረች። ልጆቹስ ድምፄን ያውቁ ነበር፤ ትልልቆቹ ግን ልጅ የሚለውን መቼ ሰምተው!

እርስዎ «አስብበታለሁ» አሉኝ፤ አስበውም መልሱን በኅዳር ሰጡኝ። ይህ ሦስተኛው ነው፣ ሦስተኛውም የማልረሳው ነው። ዝግጅታችን በቀጥታ የሚተላለፍ ነውና መብራቱ በርቶ፣ ካሜራው ዞሮ፣ ጋሽ ጥጡ ብቅ ካሉ በኋላ፣ አማችዎ፣ የባለቤትዎ ወንድም፣ ከጠረጴዛው ሥር እየዳኹ መጥተው አንዲት ወረቀት አስጨበጡኝ። ጋሽ ጥጡ ይስላሉ፣ ልጆቹን ይሰናበታሉ፣ ይሞታሉ ይላል። ለመለመን ጊዜ አልነበረኝም። ዝም ብል በየክበቡና በየቤቱ የተቀመጡት ልጆች ምን ሊሆኑ ነው ብዬ በጋሽ ጥጡ ድምፅ ሳልኩ። «ልጆቼ፣ እናታችሁን አታስቸግሩ» ብዬ ተሰናበትኩ። ከዚያም እጄን ቀስ አድርጌ አወረድኩት። ክፉ አለቃ የገጠመው ሰው ብዙ ነው፤ ራሱን በገዛ እጁ እንዲገድል የታዘዘ ግን ከእኔ በቀር አላውቅም። አላለቀስኩም፤ ካሜራው እስኪጠፋ ድረስ ማለቴ ነው። በሳምንቱ እኚሁ አማችዎ የሚያናግሩት የአሻንጉሊት ውሻ በጋሽ ጥጡ ቦታ ብቅ አለ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላልና እርስዎ ከዚህ ቁጭት ስለዳኑ ደስ ብሎኛል።

አራተኛ፣ ከለቅሶው ስለቀሩ። የእኛን ሰፈር ወግ አያውቁ ይሆናልና ላስረዳዎት። ያን ዕለት ልጆቹ ቴሌቪዥን ከሚያዩበት ክበብ «ጋሽ ጥጡ ሞቱ!» እያሉ ተንጫጭተው ሲወጡ፣ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ለሜሳ በመንገድ አገኛቸው። ለሜሳ ጨዋ ሰው ነው፤ ጋሽ የተባለ ሰው ሞተ ሲባል «የትኛው ጋሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለውና ጥሩምባውን ነፋ። ድንኳኑ ወጣ፣ አግዳሚው ወንበር ወጣ፣ ንፍሮ ተጣደ። የለቅሶው ቤት የት ነው ሲባል ትልልቆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ልጆቹ ግን ከፊት ከፊት እየሮጡ ሕዝቡን በሙሉ ወደ እኔ ደጅ አመጡት። እኔም ከከተማ ገብቼ መሬት ላይ ተዘርግቼ እያለቀስኩ ነበርና ለቅሶተኛ አልጎደለም።

ሟቹ አሻንጉሊት መሆናቸው ሲታወቅ ጥቂቶች ሳቁ፣ ጥቂቶችም ለሜሳን ሊቀጡት ተነሡ። የእድሩ ዳኛ አቶ ፈቀደ ግን ነገሩን ከእኔ ከሰሙ በኋላ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፤ «የተተከለ ድንኳን ሰው ሳይቀመጥበት አይነቀልም። ይህች ልጅ እንጀራዋ ሞቶባታል፤ ደግሞም የሞተባት በገዛ እጇ ነው። ተቀመጡ።» ተቀመጡ። ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ሐጀራ ስኳርና ሻይ ቅጠል ተሸክማ መጥታ ከልጆቹ ጋር ቁጭ አለች። እናቴን ሲስቁባት የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ እየገቡ «እግዜር ያጽናሽ፣ እኛ መች አወቅን» አሏት። እናቴም ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። እርስዎ በእንቁጣጣሽ የነፈጉኝን፣ የለሜሳ ጥሩምባ በኅዳር ሰጠኝ። እስከ ሰልስት ድረስ መንገድ መንገዱን አየን፤ ገዳይ ቢመጣ ወጉ ነበር፤ አልመጡም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

አምስተኛ፣ ለገና ስላደረጉት ተአምር። ውሻውን ማንም ባይወደው፣ የጋሽ ጥጡን ገላ ከሣጥን አውጥተው በአማችዎ እጅ አቆሙት። እኛ ግን ድንኳን ተክለን አልቅሰን፣ ሰልስት አውጥተን የሸኘነው ሰው ነበር! ክበባችን ውስጥ የነበረው ልጅ ሁሉ ጮኾ በአንድ በር ለመውጣት ሲጋፋ አግዳሚው ወንበር ተገለበጠ፤ ሐጀራ ሮጣ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። እስከ ሳሪስ አቦ ድረስ ልጆቻችን በሕልማቸው እየቃዡ ነው የሚሉ እናቶች ለቢሮዎ አቤት እንዳሉ ሰምቻለሁ። ሾፌርዎን ወደ ደጄ ያመጣውም የእኔ ናፍቆት ሳይሆን ይኸው አቤቱታ መሆኑን ሳልረዳ አልቀረሁም።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። አልመለስም። ስሜን በትልልቅ ፊደል ቢጽፉት፣ ከእርስዎም ስም በላይ ቢያደርጉት አልመለስም፤ ጋሽ ጥጡ ሞተዋል፣ የገደሏቸውም እርስዎ ነዎት። ይህንንም የአቃቂ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ሕፃን ደግሞ ያድጋል፣ ክቡር ሆይ። አንዳንዱ ጸሐፊ ይሆናል፣ አንዳንዱ ዳኛ ይሆናል፣ አንዱም አንድ ቀን በእርስዎ ወንበር ይቀመጣል። እርስዎ ያን ጊዜ አርጅተው ጉዳይ ሊያስፈጽሙ በአንዱ ደጅ ሲቆሙ፣ ስምዎን ሲናገሩ ባለቢሮው ቀና ብሎ ቢያይዎትና ለነገ ይመለሱ ቢልዎት፣ ከዚያም ከነገ ወዲያ ቢልዎት፣ ምክንያቱን ከሌላ እንዳይፈልጉ አሁን ነግሬዎታለሁ። እኔ እስከዚያ ድረስ መጠበቅ አይከብደኝም፤ ክንዴን አቁሜ መጠበቅ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ዕድሜዎን ያርዝመው። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ያንን ቀን ሳያዩት እንዳይሞቱብኝ እፈራለሁ።

ከእግርዎ በታች ተቀምጣ የኖረች፣ ዛሬ ግን የተነሣች፣ አክባሪዎ፣
ወርቅነሽ ሮሪሳ፣
አሻንጉሊት አጫዋች

ግልባጭ፦
ለአቃቂ በሰቃ እድር፤
ለሐጀራ ሱቅ መስኮት (ሁሉም እንዲያነበው)፤
ለአማችዎ (ማንበብ ከሰለቻቸው ውሻው ያንብብላቸው)።

ማሳሰቢያ፦ እሑድ እሑድ በክበባችን አዲስ አሻንጉሊት ማጫወት መጀመሬን ብደብቅዎ ነውር ይሆንብኛል። ክራባት ያሰረ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ወንበሩን ለቅቆ የማይነሣ አለቃ ነው። ልጆቹ ገና ብቅ ሲል በእርስዎ ስም ጠሩት፤ እኔ አልነገርኳቸውም፣ በየሳምንቱ በትልልቅ ፊደል ሲያነቡት ኖረው ነው። ባለፈው እሑድ ሴት ልጅዎ ከሞግዚቷ ጋር መጥታ ነበር፤ ሞግዚቷ የዚሁ የአቃቂ ልጅ ናትና። ከፊት ተቀምጣ ከሁሉም በላይ ሳቀች፤ ሲያልቅም ወደ ጠረጴዛው መጥታ ጨርቁን ገለጥ አደረገችና፣ አባባን የምታናግሪው አንቺ ማን ነሽ ብላ ጠየቀችኝ። ልቧ አልተሰበረም። ስሜን ነገርኳት።